ጣሳው ሲመታ

የእኛ ቤት በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ዓሣ ነው። አባቴ የመንግሥት ዓሣ ማራቢያ ጠባቂ፣ መጋቢ፣ አዋላጅ፣ አንዳንዴም ቀባሪ ስለሆነ የሰጡን ቤት ከገንዳዎቹ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ፓምፑ ሲያጉረመርም አልጋዬም አብሮ ያጉረመርማል። እኛ ቤት ያደረ እንግዳ ጠዋት ላይ ማን እንዲህ ሲያንኮራፋ እንዳደረ ሲጠይቅ እናቴ በአገጯ አባቴን ትጠቁማለች። ምስኪን አባቴ ለፓምፕ ሲታማ ይኖራል።

ማራቢያው ለምን እንደተሠራ ልንገራችሁ። ከትምህርት ቤት ጋር አምስተኛ ክፍል ላይ ብንለያይም ይቺን ይቺን አላጣም። ከእኛ በላይ፣ ወንዙ ከሁለት ተራሮች መሀል በሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ግድብ አለ። የወንዛችን ዓሣ ደግሞ እንቁላሉን የሚጥለው ሽቅብ ወጥቶ ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። ግድቡ መንገዱን ዘጋበት። የመጀመሪያው ዓመት ዓሣው እንደ ልማዱ መጥቶ ሲሚንቶውን በአፍንጫው ሲገጭ ከረመ ይላሉ ያዩት። ቀጥሎ መምጣቱን ተወ። ቀጥሎ እኛን ተወን። አስጋሪዎቹ ቢጮኹ ቢጮኹ ጊዜ መንግሥት «ማካካሻ» የሚባል በጀት መድቦ ይሄን ማራቢያ ሠራ፤ እንቁላሉን በሰው እጅ አፈልፍሎ ጫጩቱን ወንዝ ላይ ለመልቀቅ ማለት ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ማካካሻ ማለት የሰው ዓይን አጥፍቶ መነጽር መግዛት ነው ይላል። እሱ ድሮ የሰፈሩ አንደኛ አስጋሪ ነበር። አሁን መረቡ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ የጎረቤት ዶሮ ይይዝለታል፤ ባለ ዶሮዋ ደግሞ ትሰድበዋለች።

እኛ ጋ ሁሉ ነገር የቆመው በአንዲት ዓሣ ላይ ነበር። ባልቴቷ እንላታለን፤ ስንት ወንድ ስለቀበረች። ግድቡ ሳይዘጋ በፊት ከወንዙ ተይዘው ከመጡት እናቶች ሌሎቹ አልቀው እሷ ብቻ ቀርታለች። ርዝመቷ የእኔን ክንድ ከነትከሻዬ ያህላል፤ ከንፈሯ ወፍራም፣ ጀርባዋ እንደ ዛገ ብረት ነው፤ አንዱ ክንፏ ጫፉ የተቀደደ ነው። እዚሁ ገንዳ ውስጥ ያደጉት ሴቶች እንቁላል ቢጥሉም እንቁላላቸው አይፈለፈልም። ለምን እንደሆነ አባቴ አያውቅም፤ የተማሩትም መጥተው አይተው፣ በጠርሙስ ይዘው ሄደው፣ እንደማያውቁ በትሕትና ነግረውናል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ባልቴቷ ከሞተች እንቁላል የለም፤ እንቁላል ከሌለ ጫጩት የለም፤ ጫጩት ከሌለ ማራቢያ ለምን ይኖራል? ማራቢያው ከሌለ ደግሞ እኛም የምንከፍተው በር የለንም።

እንቁላሏ ሲደርስ አባቴ በእርጥብ ፎጣ አቅፎ ሆዷን ቁልቁል ያሻታል። ያን ጊዜ ማንም አይናገርም፤ እኔ እንኳ። እንቁላሉ ሳህኑ ላይ ይፈስሳል፤ የወንዱን ጨምሮ በዶሮ ላባ ያማስለዋል፤ ከዚያ ውሃ በሚንጠባጠብበት ትሪ ላይ ይዘረጋዋል። የእኔ ሥራ ነጭ የሆነውን በወረንጦ መልቀም ነው። ነጭ ማለት የሞተ ነው። አንዱ ሞቶ ከሰነበተ ሻጋታው ጎረቤቶቹን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። እናቴ ስታየኝ፣ ቤት ስትጠርጊም እንደዚህ ዓይንሽ ቢሠራ ምን ነበረበት ትላለች።

አባቴ አንድ አሠራር ነበረው። መኖ ከመበተኑ በፊት ባዶ የወተት ጣሳ በገንዳው ጠርዝ ላይ ይመታል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዓሦቹ ተሽቀዳድመው ይወጣሉ፤ እሱም ማን እንደቀረ፣ ማን ጎኑን እንዳጋደለ ያያል። በሽተኛ የሚለየው በዚያ ነው። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከከፈቱበት ቀን ጀምሮ ያን ድምፅ ከምግብ ጋር ስለሚሰሙት፣ ጣሳ ለነሱ እናት ማለት ነው። ባልቴቷ መጀመሪያ ላይ ትሸሽ ነበር አሉ፤ የወንዝ ልጅ አይደለች። ኋላ ግን ከሁሉም ባሰች። ጣሳው ገና ከመደርደሪያ ሲነሳ የተቀደደው ክንፏ ውሃው ላይ ይታያል።

ከአጥሩ ውጪ ግን ጣሳ መምታት ክልክል ነው። አንድ ቀን እናቴ ወንዝ ዳር የድስት ክዳን በድንጋይ ስታቃና አባቴ እየሮጠ ሄዶ ነጠቃት። እሱ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እዚህ ውስጥ የለቀቅኳቸው ልጆች አሉ» አላት። «ሁሉም ይሄን ድምፅ ይዘውት ነው የሄዱት። ማን እንደሚጠራቸው አይጠይቁም።»

እናቴ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አፏን አልከደነችለትም። ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

የማራቢያው ኃላፊ ስሙ ሌላ ነው፤ እኛ ግን «አይዞህ» ነው የምንለው። ፓምፕ ተቃጠለ ሲሉት አይዞህ፣ መኖ አለቀ ሲሉት አይዞህ። የገዛ እናቱ የሞተች ጊዜ ሊያጽናኑት የመጡትን ሰዎች በር ላይ ቆሞ አይዟችሁ ሲል ዋለ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ፍርሃቱን በዚያች ቃል የሚሸፍን ሰው ነው፤ ሲፈራ ደግሞ አንገቱን በመሐረብ ይጠርጋል። አንድ ሰሞን መሐረቡ ከእጁ አልወርድ አለ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት በጀቱን የሚመድቡት ሰዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ገንዳ ማየት አልፈለጉም። ገንዳ አይተናል አሉ። የተለቀቀው ዓሣ ወንዙ ውስጥ ይኖር እንደሆነ በዓይናችን እንይ፣ ካለ በጀቱ ይቀጥላል፣ ከሌለ ግን ይታጠፋል አሉ። የምንለቃቸው ጫጩቶች ደግሞ የት እንደሚገቡ ከእኛ መሀል የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ አንድ ሁለት ይታያሉ፤ ሌላ ጊዜ ወንዙ እንደ ጠረጴዛ ባዶ ነው።

አይዞህ አባቴን ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ። እኔን ደግሞ ያን ሰዓት መስኮት የማጽዳት አመል ድንገት መጣብኝ። የአይዞህ ሐሳብ ይሄ ነበር። ከማራቢያው ቦይ በላይ ወንዙ በሚሰፋበት ቦታ ላይ፣ ከላይና ከታች መረብ ከውሃው በታች ይተከላል፤ የደረሱት ዓሦች መሀል ላይ ይለቀቃሉ፤ እንግዶቹ ሲመጡ ጣሳ ይመታል፤ ዓሦቹ ይወጣሉ፤ እንግዶቹ ያያሉ፤ አበቃ። አባቴ እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሰማ። ቀጥሎ የመጣው፣ ባልቴቷም ትጨመር የሚለው፣ ነው ያስነሳው።

«ባልቴቷ አትወጣም» አለ።

«ትንንሾቹን ከዳር ቆሞ ማን ያያቸዋል?» አለ አይዞህ። «አንድ ዓይን የምትሞላ ያስፈልገናል። ግማሽ ቀን ናት። መረብ ውስጥ ናት።»

«የታችኛውን በር ቢከፍቱትስ?»

«ያን ቀን እንዳይከፍቱ ለግድቡ ሰዎች ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉዎት?»

አይዞህ አንገቱን ጠረገ። «ይታያል አሉ። አይዞህ።»

የታችኛው በር የሚባለው ግድቡ እግር ላይ ያለው ነው። ከላይ የሚፈሰው ውሃ ደህና ነው። ከታች የሚወጣው ግን ዓመት ሙሉ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ላይ ታፍኖ የከረመ ውሃ ነው፤ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ እስትንፋስ የሌለው። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ባለፈው የከፈቱት ጊዜ ወንዙ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ ሸርጣን ሳይቀር፣ ዳር ላይ ተደርድሮ ሲፍጨረጨር ሞቷል። እኛን ያተረፈን ገንዳዎቻችን ውሃ የሚያገኙት ከወንዙ ሳይሆን ከኮረብታው ምንጭ መሆኑ ነው። የምንጩ ውሃ በገንዳዎቹ አልፎ በቦይ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ባልቴቷን ወንዝ ማውረድ ማለት ከዚያ ምንጭ ማውጣት ማለት ነው።

አባቴ ከቢሮው ሲወጣ መስኮቱ ጋ አገኘኝ። አልተቆጣኝም። እሱ ሳይቆጣ ሲቀር ነው የምፈራው።

«በጀቱ ከታጠፈ እሷን የሚመግባት የለም» አለኝ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቀው። ለራሱ ነበር የሚያስረዳው።

እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን ነገሩ ሁሉ ፀጥ አለ። ወንዝ ዳር ያለው እንቁራሪት ማምሻውን ሰው አያስወራም ነበር፤ ያን ዕለት ግን አንድም አልተነፈሰም። ዓሣ በል ወፎቹ ደግሞ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ግድቡ አናት ላይ ተርታ ይዘው ቁልቁል ወደ እኛ ያያሉ። ቀብር የሚጠብቁ ሰዎች ነበር የሚመስሉት። ከኋላቸው ውሃው እስከ ከንፈሩ ሞልቶ ነበር።

አጎቴ አጥሩ ጋ መጣ። ከልጆቹ ትንሿን አዝሏታል፤ ጀርባው ላይ ሆና የራሷን ጡጫ ትጠባለች። አባቴን አንድ ሁለት ዓሣ እንዲሰጠው ለመነው፤ ቀስ ብሎ፣ እናቴ እንዳትሰማ። አባቴ የመንግሥት ነው አለው።

«የመንግሥት መሆኑን አጣሁት?» አለ አጎቴ። «ወንዙም የመንግሥት ሆነ፣ ዓሣውም የመንግሥት ሆነ። ረሃቡ ብቻ ነው በስሜ የቀረው።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። እናቴ ከራሷ ድርሻ ራት ላይ ቆርሳ በዚያ በተጣመመ የድስት ክዳን ላይ አድርጋ ስትሰጠው ያላየ መሰለ። አጎቴ ሊሄድ ሲል እኔን ጠራኝና በየጠዋቱ ከአጥሩ ውስጥ የሚሰማው ኳኳታ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የእናቴ ድስት ነው አልኩት።

«አንቺ ምላሳም» አለኝ እየሳቀ፣ «የእህቴን ድስት ድምፅ ለእኔ?» ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። ዓይኑ ገንዳዎቹ ላይ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ አባቴ ባልቴቷን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወደ ወንዙ ወረደ። እናቴ በር ላይ ቆማ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለች። ውሃው ውስጥ ሲለቃት ባልቴቷ ወዲያው አልሄደችም። እጁ ላይ ቆየች። ከዚያ የወንዙን ሽታ አስታወሰች መሰለኝ፣ ጅራቷን አንዴ ወዘወዘችና ወደ ጥልቁ ገባች፤ የታችኛውን መረብ ነካች፤ ተመለሰች፤ የላይኛውን ነካች፤ ተመለሰች። እዚያው ስትዞር አረፈደች።

እንግዶቹ የመጡት ከላይ፣ በግድቡ በኩል ነው። መኪኖቹ አዲስ፣ ጫማዎቹ አዲስ። አለቃቸው ትልቅ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴትዮ ናት፤ ሁሉም እሷ ስትስቅ ይስቃሉ። ሰፈርተኛው ከዳር ከዳር ቆሞ ያያል፤ አጎቴም ልጁን አዝሎ ከነሱ መሀል አለ። ሴትዮዋ ከመኪና ወርዳ የመጀመሪያ ቃሏ ግድቡ ጋ ስላየችው ነገር ነበር። እንዴት ያለ ትርኢት አሳዩን መሰላችሁ፣ ውሃው ከታች ሲፈነዳ ቀስተ ደመና ሠራ፣ ለእኛ ክብር ብለው ነው የከፈቱት አለች።

ሁሉም አጨበጨቡ። አይዞህ እንኳ እጆቹን አጋጨ፤ ከዚያ እጆቹ አየር ላይ ቀሩ።

ውሃው ከእንግዶቹ ኋላ ተከትሎ እየመጣ ነበር። መኪና ከውሃ ይፈጥናል፤ ልዩነቱ ያችው ነበረች።

አባቴ ከእንግዶቹ ጀርባ ሆኖ በዓይኑ አይዞህን ያዘው። አይዞህ ዓይኑን አሸሸ። ቶሎ ቶሎ እናድርገውና እንጨርስ ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። ጣሳውን ከአባቴ እጅ ወስዶ፣ ጥሩ ንግግር አድርጎ፣ ዳር ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መታው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ዓሦቹ ወጡ። ውሃው ፈላ ብትሉ ይቀላል። ከሁሉም መሀል የባልቴቷ ጀርባ፣ የተቀደደው ክንፍ። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። እውነትም ዓይን የምትሞላ ነበረች።

ያን ጊዜ ሽታው መጣ። መጀመሪያ ስስ ነበር፤ ከእንግዶቹ አንዱ ጎረቤቱን በጥርጣሬ አየው። ከዚያ ወፈረ። የወንዙ ቀለም ከላይ በኩል ተቀየረ፤ ጥላ የሚመጣ ይመስል ነበር፣ ሰማዩ ላይ ግን ደመና የለም። ዓሦቹ አልወረዱም። አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። እንግዶቹ ሳቁ። ምግብ ሲለምኑ እዩአቸው ተባለ። እኔ ግን አፉን እንደዚያ የሚከፍት ዓሣ አውቃለሁ። ፓምፑ የቆመ ዕለት ነው እንደዚያ የሚያደርጉት። እየታፈኑ ነበር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው።

አባቴን አየሁት። ሁለት እጁን ጎኑ ላይ ጥሎ ቆሟል። መረቡን ቢቆርጥ እንግዶቹ ያዩታል፤ መረብ ካዩ በጀቱ የለም። ባይቆርጥ ባልቴቷ የለችም። ሁለቱም አንድ በር ነው የሚዘጉት። ይሄን እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ አሳቡን ግን መጨረስ አልቻለም።

እኔ ማሰብ ላይ ብዙም አይደለሁም። የመኖ ጆንያ የምቀድባትን ቢላዋ በቀሚሴ ውስጥ ይዤ ውሃው ውስጥ ገባሁ። አይዞህ በጥርሱ መሀል «ወዴት ነው?» አለኝ።

«እግሬን ልታጠብ» አልኩት።

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሁሉም ሳቁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ የክረምት ቅዝቃዜ ሳይሆን የጉድጓድ። ወገቤ ድረስ ገብቼ የታችኛውን መረብ በእግሬ አገኘሁት፤ ጎንበስ ብዬ በዳበሳ ገመዱን ቆረጥኩ። መረቡ ከእግሬ ስር ተንሸራትቶ ሄደ። መንገዱ ተከፈተ። ከታች ትንሽ ዝቅ ብሎ የማራቢያው ቦይ ንጹሑን ውሃ ወደ ወንዙ ያፈሳል፤ እዚያ ቢደርሱ ይተነፍሳሉ።

አንዱም አልሄደ።

አይዞህ እየመታ ነበር። ፈገግ ብሎ፣ አንገቱ በላብ ርሶ፣ ጣሳውን ያለማቋረጥ ይመታል። ዓሦቹ ደግሞ ጣሳ ካለ አይሄዱም። አንዷ ትንሽ ጎኗን ሰጠች፤ ሆዷ ነጣ። ቀጥሎ ሌላ። ነጭ ማለት ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ባልቴቷ ወደ አይዞህ ወደ ድንጋዩ ተጠግታ፣ አገጯን ከውሃው አውጥታ ትጠብቀው ነበር።

«ጋሼ፣ መምታቱን ይተዉት» አልኩት።

አልሰማኝም። ማቆም ቢችል ኖሮ ያቆም ነበር፤ እጁ ፈርቶ ነው። ወጥቼ ጣሳውን ከእጁ ነጠቅኩት። አንዲት ባለ አዲስ ጫማ በጭቃ ረጨኋት፤ ይቅርታ አላልኩም። በዳሩ እየሮጥኩ ወደ ቦዩ አፍ ወረድኩ፤ እዚያ ያለውን ሲሚንቶ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

መጀመሪያ አንድ ክንፍ ዞረ። የተቀደደው። ባልቴቷ ጥቁሩን ውሃ እየሰነጠቀች ወደ እኔ መጣች፤ ከኋላዋ ሌሎቹ፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ። ከቦዩ የሚወርደው ውሃ እንደ መስታወት ነበር፤ ገብታ ስትተነፍስ ጉንጯ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁት። የሞቱት ሞቱ፣ ወንዙ ይዟቸው ሄደ። የቀሩት ግን ቦዩ አፍ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተጠቅጥቀው ነበር።

ጭብጨባ ሰማሁ። እንግዶቹ ተከትለውኝ መጥተው ኖሯል። ሴትዮዋ መነጽሯን እንደገና አድርጋ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ልጅቱ ስትጠራቸው በዱር ያለ ዓሣ ይከተላታል፣ ማኅበረሰቡ ከዓሣው ጋር ተዋህዷል አለች። ከጎኗ ያለው ይሄ በሌሎቹም ግድቦች ቢለመድ አለ። አይዞህ ትከሻዬን ይዞ «ልጃችን ናት» አለ።

በጀቱ ጸደቀ። እዚያው ቆመው ነው ያጸደቁት፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው።

ያን ጊዜ ዘወር ስል አጎቴን አየሁት። ከሰፈርተኛው መሀል፣ ልጁን እንዳዘለ። ሁሉም ዓሦቹን ያያል። እሱ ግን ዓሦቹን አያይም ነበር። የሚያየው እጄ ላይ ያለውን ጣሳ ነው።

አባቴ ባልቴቷን በመረብ አውጥቶ ወደ ገንዳዋ ሊመልሳት ነበር ሐሳቡ። እንዴት ብሎ? የዱር ዓሣ ናት ተብላለች። እንግዶቹ ፊት ገብቶ ቢያቅፋት ምን ሊል ነው? ለፎቶ አቆሙት። ከዚያ ሌላ ፎቶ። ከዚያ ምሳ። አይዞህ ክንዱን ይዞ አልለቀው አለ፤ እኔንም ሴትዮዋ አጠገቧ አስቀምጣ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ዓሦቹ ናቸው ገና የሚማሩት አልኳት። በጣም ሳቀች። እኔ በመስኮት ቦዩን ለማየት አንገቴን እየሰገግኩ ነበር።

መኪኖቹ ሲሄዱ ሮጠን ወረድን። ጥቁሩ ውሃ አልፏል፤ ወንዙ እንደገና ቡናማ ሆኗል። ቦዩ አፍ ላይ አንድም ዓሣ አልነበረም። ውሃው ሲጠራ ወጥተው ወንዙን ይዘውት ሄደዋል። ቁልቁል ያለው መንገድ ክፍት ነው፤ የከፈትኩትም እኔ ነኝ።

«ሩቅ አትሄድም» አለ አባቴ። «ስትጠራ ትመጣለች።» ጣሳውን ሰጠሁት። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር፤ ውሃው ላይ ያለው ብርሃን ረዝሟል። ተንበርክኮ ሲሚንቶውን መታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቆም አድርጎ ጠበቀ። እንደገና መታ።

ወንዙ መሀል፣ ከእኛ ወደ ታች፣ የተቀደደው ክንፍ ብቅ አለ። ወደ እኛ ዞረ። አባቴ እስትንፋሱን ሲለቅ ሰማሁት።

ያን ጊዜ ከታች፣ ከወንዙ ጠመዝማዛ ባሻገር፣ ሌላ ድምፅ መጣ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

መጀመሪያ ያስተጋባ መሰለኝ። አባቴ ግን አልመታም ነበር፤ ጣሳው እጁ ላይ አየር ውስጥ ነበር። እንደገና መጣ። ቀጥሎ ከማዶ ሌላ፣ ወፈር ያለ፣ የባልዲ። ቀጥሎ ቀጠን ያለ። ሰፈሩ በሙሉ ያየውን አይቷል። ወንዙ ከላይ እስከ ታች ኳኳታ ሆነ። ከሁሉም መሀል አንዱን ለየሁት። የእናቴ ድስት ክዳን ነበር፤ ያን ጊዜ ጠርዙ የተጣመመው፤ ትናንት ከራቱ ጋር ለአጎቴ የሄደው። የእህቱን ድስት ድምፅ ለእሱ? አልዋሸም።

ክንፉ መሀል ላይ ቆመ። ወደ እኛ ትንሽ መጣ። ቆመ። ወደ ታች ዞረ። አባቴ መታ፤ ከእኛ ድምፅ ይልቅ የነሱ ብዙ ነበር። ሮጬ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፤ የአጎቴ ልጅ ጡጫዋን ስትጠባ ትዝ አለኝና እግሬ ለቅጽበት ያዝ አደረገኝ። ለቅጽበት ብቻ ነው።

ክንፉ ጠመዝማዛውን አልፎ ጠፋ።

ሮጥኩ። ድንጋዩን እየዘለልኩ፣ አጎቴን እየተጣራሁ፣ ያቺን አይደለም፣ ያቺን ብቻ ተዋት እያልኩ ሮጥኩ። ጠመዝማዛው ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የታችኛው ኳኳታ ቆመ። አንድ በአንድ አይደለም የቆመው፤ ሁሉም ባንዴ። ሰው አንድ ነገር ለማየት ሲሰበሰብ እንደሚሆነው።

ቆምኩ። ወደ ፊት መሄድ አልቻልኩም።

ከኋላዬ፣ ከቦዩ አፍ፣ የአባቴ ጣሳ ይሰማ ነበር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እሱ አላቆመም።